የሐይቅ ዳሩ ሰውና የአምባው ሰው እርቅ

አለቃዬ ጋዜጣ ላይ እንደሚጽፉ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ብዙ ጊዜ ኮርቻለሁ። ኩራቴ ከንቱ እንደነበር ኋላ ገብቶኛል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቅ።

የአምባሰል አውራጃ አስተዳዳሪ ነበሩ። ጽሕፈት ቤታችን ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ነው። እሳቸው የአገራችን ሰው አይደሉም። በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ፣ በአንድ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ወንበር ነበራቸው። ደርግ ሲመጣ ወንበሩ ተወሰደና ወደ እኛ ተላኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬ የት ገባ እያሉ የሚያተራምሱን ሰው ነበሩ። እኔ ታይፒስታቸው ነኝ፤ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ጣቴ ፈጣን፣ ምላሴ ደግሞ ከጣቴ የፈጠነ። የቢሮው ሰዎች ይቺ ልጅ ማሽኑን ትጽፍበታለች ወይስ ትደበድበዋለች እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ወጥቶ እኔ ቆሎዬን ስቆረጥም፣ ጠሩኝና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ። ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ገበሬ ማኅበር መስሎኝ ነበር። ስለ ዓሣ ሆኖ አገኘሁት። ከታች “የሐይቅ ዳር ሰው” የሚል ፊርማ አለው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ ተዋልዶ፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም አብሮ ይውላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ድስት ይለያል። አንዱ ቢስሚላሂ ተብሎ የታረደውን፣ ሌላው በስመ አብ የተባለበትን ይፈልጋል። ስለዚህ ድሃውም ሲደግስ ሁለት በግ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት ማሰናዳት አለበት። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ሐይቁም ደጃችን ነው። ታዲያ ለምን በአንድ ድስት ሠርተን አብረን አንበላም ይላል ጽሑፉ።

ሳቄ መጣ። እናቴ የሼህ ልጅ፣ አባቴ የቄስ ወንድም ልጅ ናቸው፤ ያደግሁት ሁለት ድስት ጎን ለጎን በሚቀመጥበት ቤት ነው። ሳቄ ግን ቶሎ ደረቀ፤ ከደሴ የመጣውን ሰርኩላር ፋይል ያደረግሁት ራሴ ነኝና። ማንኛውም ሹም ከበላይ አካል ሳያስፈቅድ በስሙም ሆነ በሌላ ስም ጋዜጣ ላይ ቢጽፍ እርምጃ ይወሰድበታል ይላል። በዚያ ዘመን “እርምጃ” የሚለውን ቃል ሰው ሲሰማ አንገቱን ይዳብስ ነበር። ሰርኩላሩን አላዩትም እንዴ ብዬ በድፍረት ጠየቅኋቸው።

“አይቼዋለሁ፤ ፈርሜም ተቀብያለሁ” አሉኝ። “እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምፈርመው ሁሉ ሌላ ሰው ያለውን ነው። ስለ ዓሣ የጻፍኩት ግን የራሴ ነው። እሱንም ከተውኩ እኔ ማኅተሙ ነኝ እንጂ ሰው አይደለሁም።”

ቆሎዬን ወደ ጎን አድርጌ ማሽኑን ከፈትሁ። ጻፍሁላቸው።

ጽሑፉ ወጣ። ሐይቅ ጋዜጣ የሚደርሰው በአውቶቡስ፣ ሁለት ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው፤ የሚነበበውም ሻይ ቤት በራፍ ላይ ማሽኑን ዘርግቶ በሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ አፍ ነው። ድምፁ ጥሩ ስለነበር ሱሪ የሚያስጠብበው ሰው ሱሪውን ረስቶ ያዳምጠው ነበር። የዓሣውን ነገር ሲያነብ ሁሉም ሰምቶ፣ የሻዩን ከፍሎ ተበተነ። ብዙም ሳይቆይ ከጋዜጣው አዘጋጅ ደብዳቤ መጣ፤ ለጥንቃቄ ብለን አድራሻውን በእኔ ስም አድርገነው ነበር። አምዱ የክርክር አምድ ስለሆነ፣ የሚከራከር ሰው ካልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል።

አለቃዬ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። በማግሥቱ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ። ፊርማው “የአምባው ሰው” ይላል።

የአምባው ሰው ዓሣውን አፈር አበላው። ሁለት ድስት ችግር ሳይሆን ክብር ነው ይላል፤ ለጎረቤቴ ሌላ ድስት ስጥድለት እምነቱን አውቄለታለሁ ማለቴ ነው፤ ዓሣማ አጥንቱን ሲለቅም የሚውል እንግዳ መቼ ተጫውቶ ይሄዳል? እኔ በየትኛው እንደሚያምኑ ጠየቅኋቸው። በሁለቱም አሉኝ፤ እንደ መስኮቱ ነው። እውነታቸውን ነበር። የሐይቅ ዳሩን ሰው ሲሆኑ ወንበራቸውን ሐይቁ ወዳለበት መስኮት አዙረው፣ እጀታቸውን ሰብስበው ይጽፋሉ። የአምባውን ሲሆኑ ደግሞ ወደ አምባሰል ተራራ ዞረው፣ በጠራራ ፀሐይ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ነው። እኔም ወረቀቱ ላይ ያለውን ላብ አይቼ የማን ጽሑፍ እንደሆነ ፊርማው ሳይደርስ አውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ዓሣ አጥማጆቹ የሐይቅ ዳሩን ሰው የእኛ ነው አሉ። በገበያ ቀን የሚወርዱት ደገኞች ደግሞ ማርና በጋቸውን ሳይሸጡ ሻይ ቤቱ በራፍ ላይ ይቆሙና የአምባው ሰው ምን አለ ብለው ይጠይቃሉ። ከሁሉም የባሰው የቢሮአችን ዘበኛ ነበር። የአምባሰል ሰው ነው፤ ጎረቤታችን ስለነበር ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ነው የምለው። ማንበብ አይችልም፤ ግን የአምባውን ሰው ጽሑፍ እኔ ሦስት ጊዜ ካነበብሁለት ቃል በቃል ይይዘዋል። ጋዜጣውን ቀዶ በዘበኛ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሊጥ ይለጥፈዋል። የሐይቅ ዳሩን ሰው ጽሑፍ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ይጠቀምበት ነበር፤ ለምን ጉዳይ እንደሆነ አልናገርም። አለቃዬ በዘበኛው ቤት ሲያልፉ ግድግዳውን አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ወደ ጓሮ ሲዞሩ ደግሞ ይከፋቸዋል።

ጥፋቱ የመጣው ከደስታ ብዛት ነው። ሁለቱንም ሰዎች ክርክሩ እየጣማቸው ሄደ። የአምባው ሰው የሐይቅ ዳሩን “ከሣርህ ላይ ተነሥተህ የማታውቅ፣ ዓሣው ራሱ ዘሎ ድስትህ ውስጥ እንዲገባ የምትጠብቅ ሰነፍ” አለው። የሐይቅ ዳሩም “የአባትህ ምድጃ ሁለት ድስት ይሸከም የነበረው ሁለቱም ባዶ ስለነበሩ ነው” ብሎ መለሰ። ይህን ስጽፍ እጄን አነሣሁ። የአባት ምድጃ በእኛ አገር እንዲህ በዋዛ አይነሣም አልኋቸው። እሳቸው ግን በራሳቸው ቀልድ እየሳቁ ነበር፤ መነጽራቸው ከግንባራቸው አፍንጫቸው ላይ ወደቀ። ጻፊው፣ ማን ይቀየመኛል፣ የአምባውም ሰው እኔው አይደለሁ አሉኝ።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቢሮ መጡ። አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ደግሞ ከአምባሰል የወረዱ ገበሬ። በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከመጣ የመጣው ለእርቅ ነው፤ እንቢ ብሎ የሚመልሰው የለም። የተናገሩት ሼሁ ነበሩ። ሁለት ሰዎች በሐይቅና በአምባሰል ስም ተሰዳድበዋል፤ የአባት ምድጃ ተነሥቷል፤ በገበያ ቀን ወጣቶች ዱላ መማዘዝ ጀምረዋል፤ ደም ሳይፈስ ልናስታርቅ ነውና ሰዎቹን ያቅርቡልን አሉ። ጋዜጣው የመንግሥት ነው፣ እርስዎም መንግሥት ነዎት፣ ያውቋቸዋል።

አለቃዬ ላባቸውን ጠረጉ። ጠቡ የወረቀት ነው፣ የሐሳብ ፍጭት ነው፣ በሠለጠነው ዓለም የተለመደ ነው እያሉ ብዙ አብራሩ። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት ሰሟቸው።

“ጌታው” አሉ ሼሁ፣ “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አበው። የአፍ ስድብ ቢሆን ትተነው ነበር። የተጻፈ ስድብ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እርስዎ ካላገኙልነ ደሴ እንወጣና የበላዩን እንጠይቃለነ።”

ደሴ የሚለውን ስሰማ ፋይል ያደረግሁት ወረቀት ትዝ አለኝ። ደሴ ማለት ሰርኩላሩ ነው። ሰዎቹ ደሴ ደርሰው “ሁለቱን ጸሐፊዎች ፈልጉልን” ካሉ፣ ፍለጋው የሚያልቀው እኔ ማሽን ላይ ነው፤ ከዚያም አለቃዬ አንገት ላይ። እሳቸውም ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰዎቹን አፈላልጋለሁ፣ የሦስት ቀን ጊዜ ስጡኝ አሉ።

ሦስቱን ቀን ምንም አልሠራንም። በመጨረሻው ቀን ነገሩ የበራልኝ እኔ ነኝ፤ ብልሃቱ ግን የእኔ ሳይሆን የአገሬ ነው። በእኛ ዘንድ የተቀያየመ ሰው ፊት ለፊት ለመቀመጥ ካልወደደ ወኪል ይልካል፤ ወኪሉ ስለ እሱ ይከራከራል፣ ስለ እሱ ይቅር ይላል፣ ስለ እሱ ይምላል። የሐይቅ ዳሩን ሰው እርስዎ ይወክሉት፣ ሰውየው መንገድ ሄዷል ይበሉ አልኋቸው። የአምባውንስ ማን ይወክለዋል አሉኝ። በመስኮት ወደ ዘበኛው ቤት አየሁ።

ዘበኛው፣ የአምባው ሰው ታምሞ አልጋ ላይ ስለዋለ ውክልናውን ለአገሩ ልጅ ሰጥቷል ሲባል፣ ደረቱ ከበሩ ሊሰፋ ምንም አልቀረው። የታጠበ ጋቢውን አውጥቶ ለበሰ። ጠመንጃውን ካልያዝሁ ብሎ አስቸግሮን ነበር።

እርቁ ከቢሮው ጀርባ፣ ሾላው ሥር ተደረገ። አለቃዬ ሁለት ደቂቃ ተናገሩና ደንበኛዬ በሁሉም ነገር ይቅርታ ይጠይቃል ብለው ቶሎ ሊጨርሱት ፈለጉ። ዘበኛው ግን በዋዛ የሚለቅ አልሆነም። የአምባውን ሰው ጽሑፎች አንድ በአንድ፣ ነጥብ ሳይቀር በቃሉ ወጣቸው። አለቃዬ የገዛ ዐረፍተ ነገሮቻቸው ሲወርዱባቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ቃል ሲስት ሳያስቡት አረሙት። እኔ ጥርሴን ነከስሁ። ዘበኛው ጽሑፉን ሲጨርስ ደግሞ የራሱን ጨመረ።

“እኔ ልጄን ስድር የእስላም ወዳጆቸን ድስት ከየት አመጣለሁ? ከሼሁ ቤት ነው የምዋስ። ልዋስ ስሄድ አንድ ጊዜ እንጫወታለነ፣ ልመልስ ስሄድ ሁለተኛ እንጫወታለነ። ሰነፉ ሐይቅ ዳር ሰውየ አንድ ድስት ይበቃል ይላል። እሽ ይብቃ። ድስት ካልተዋዋስነ ታዲያ በምን እንገናኛለነ?”

ሼሁ እውነቱን ነው ያ ድስት አሁንም እሱ ቤት ነው አሉ። ሁሉም ሳቀ። አለቃዬ ግን አልሳቁም። እጃቸው ሳያዙት ከኪሳቸው እርሳስ አወጣ፤ አየኋቸውና መልሰው ከተቱት። ያን ሐሳብ እሳቸው ባለማሰባቸው እንደቀኑ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የሐይቅ ዳሩ ሰው የአባት ምድጃ ስላነሣ ሁለት በግ ያቀርባል፤ አንዱን ሙስሊም፣ አንዱን ክርስቲያን ያርደዋል፤ በሁለት ድስት ይሠራል። የአምባው ሰው ደግሞ ሰነፍ ብሎ ስለተሳደበ ዓሣ ይበላል። ከዚያም ሁለቱ ዳግመኛ አንዱ በሌላው ላይ ብዕር ላያነሡ በወኪሎቻቸው አፍ ይምላሉ።

ዘበኛው ወዲያው ማለ። አለቃዬ ግን ተራቸው ሲደርስ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው መጥረግ ጀመሩ። ሌላው ሰው አቧራ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን የሚምሉት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማኅተም ሆነው እንዲቀሩ ነበር የሚምሉት። አሳዘኑኝ። ማሉ።

በማግሥቱ ሁለቱ ድስቶች ግራና ቀኝ፣ የዓሣው ትሪ መሐል ላይ ቀረበ። ወኪሎቹ መጎራረስ ነበረባቸው። አለቃዬ ለዘበኛቸው ዓሣ ጠቅልለው ሲያጎርሱት ዓይኑን ጨፍኖ፣ የገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው ትንፋሹን ይዞ ተቀበላቸው። ሁለተኛውን ሳይጨፍን ጎረሰ። ሦስተኛውን ማንም ሳያጎርሰው ራሱ አነሣው፤ እኔ ሳየው አጥንት እየለቀምሁ ነው እንጂ አልበላሁም አለኝ። ሼሁና ቄሱም ከየድስታቸው ተነሥተው ትሪው ላይ ተገናኙ።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ለሼሁ ዱላቸውን ላቀብል ወጣሁ። አለቃዬን ወደ ጥግ ጎተት አድርገው ያነጋግሯቸው ነበር፤ እኔም ሰማሁ።

“አብሽሩ ጌታው። ከደሴ ሰዎች መጥተው እነዚያ ሁለት ጸሐፊዎች የት ይኖራሉ እያሉ ሻይ ቤት ሲጠይቁ ሰንብተዋል። የተጣላን ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፤ የታረቀን ግን ማን ይፈልገዋል? ለመጡት ሰዎች ነገሩ በሽምግልና አልቋል ብለናቸዋል።” ከዚያ ዱላቸውን ከእኔ ተቀበሉ። “በእኛ አገር ሁለት ሰው ይህን ያህል ተሰዳድቦ አንድም የጋራ ዘመድ ሳያነሣ አይቀርም። እነዚህ ግን አላነሡም፤ ያኔ ነው የገባነ። ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ ማስታረቁ ከባድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬስ ሁኖልናል።”

አለቃዬ እጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ሼሁ ግን ነጠቋቸው። ደሴ እንወጣለን ያሉን ለማስፈራራት ኖሯል፤ ለካ ሦስቱም ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። ምስጢር ጠባቂዋ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስኮራ የከረምሁት ነገር ያኔ ነው እርር ያደረገኝ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ በምሥራቅ ጦርነት መጣ። ልብስ ሰፊው ከዚያ በኋላ ያነበበው ሁሉ ጥሪ ነበር፤ የክርክሩ አምድም የጦር ግጥም መጻፊያ ሆነ። የአውራጃው ሚሊሺያ ሲዘምት አለቃዬም አብረው እንዲሄዱ ታዘዙ። ሲሰናበቱኝ ማሽኑን አትደብድቢው አሉኝ። ዘበኛውን ግን አቅፈው ቶሎ አልለቀቁትም፤ እሱም ሹሙ ምነው እንዲህ ወደዱኝ ብሎ ግራ ገባው።

ወራት ቆይቶ በእኔ ስም ከአለቃዬ ደብዳቤ መጣ። ለጋዜጣ የሚሆን ጽሑፍ ነው። መሐላው እንዳይጣሉ ይከለክላል እንጂ አብረው እንዳይጽፉ አይከለክልም ብለው ጀምረው፣ ከታች “የሐይቅ ዳሩና የአምባው ሰዎች” ብለው ፈርመዋል። ከሹሙ የመጣ ነው ብዬ ጽሑፉን ለዘበኛው እዚያው ዘበኛ ቤት ገብቼ አነበብሁለት። እንዲህ ይላል፤

“እዚህ የሚሰጠን የቆርቆሮ ዓሣ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቆርቆሮ ዙሪያ ተቀምጠን እንበላለን፤ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የሐይቅ ዳሩ ሰው ረትቷል። ነገር ግን የሐይቅ ዳሩ ሰው ሁለት ድስት ናፍቆታል። ሁለት ድስት ለመጣድ ሰላም ያስፈልጋል፤ ድስት የሚያውስ ጎረቤትም ያስፈልጋል። እዚህ ማንም ከማንም ድስት አይዋስም። ስለዚህ የረታው የአምባው ሰው ነው፤ ከእሱም ይበልጥ ወኪሉ።”

ዘበኛው ግድግዳው ላይ የለጠፋቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው።

“የአምባውም እሱ ኖሯል?” አለኝ።

አዎ አልሁት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። “የእኛ አገር ሰው መስሎኝ ነበር እኮ” አለ። “እንዲያውም ከእኛው አገር ሰው የበለጠ ያውቀን ነበር።” ቀጥሎ ማሽኑን ክፈች፣ መልስ አለኝ አለ። ምለህ የለም ወይ አልሁት። እኔ የማልሁት ለሌላ ሰው ነው፣ የራሴን አፍ ማን አሰረው አለኝ።

እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍሁ። የሼሁን ድስት ሆን ብሎ እንዳልመለሰ፣ እርስዎ ሲመጡ ሁለቱን ጎን ለጎን ጥዶ እንደሚጠብቅ፣ ዓሣም መሐል ላይ እንደማይጠፋ፣ ጣሙንም በግድ እንደለመደው ነገራቸው። የሠራዊቱን ፖስታ ቁጥር ጽፈን ላክነው። የእሳቸውን ጽሑፍም ለጋዜጣው ላክሁት፤ አልወጣም።

መልስ አልመጣም። ደብዳቤያችንም ተመልሶ አልመጣም። ሚሊሺያው ሲመለስ እሳቸው ከተመለሱት መካከል አልነበሩም፤ የት እንደቀሩም የሚነግረን አላገኘንም። አዲስ አስተዳዳሪ መጣ፤ መነጽሩን ዓይኑ ላይ የሚያደርግ፣ ከፊርማው ሌላ ምንም የማይጽፍ ሰው።

ዘበኛው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየሳምንቱ ፖስታ መጣ ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አልመጣም ስለው፣ መልስ ካጣማ ረታሁት ማለት ነው ይላል። ይህን ሲል ፊቱን ከእኔ አዙሮ ወደ ተራራው ያያል። ሼሁም እስኪሞቱ ድረስ ድስታቸውን አልጠየቁትም።